ሲሚንቶ ያፈሰስንበት ድንችህ

ታኬ፣ የኔ ጌታ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን የሚያውቀው እግዜር ነው፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ አንተ ውሸቴን ከሩቅ ታውቃለህ። ስለዚህ ዝም ብዬ ልንገርህ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሊሆን ነው። አምና ሰኔ መግቢያ ላይ ሄድክ፤ አሁን ሐምሌ እየተገባደደ ነው። ደብረ ታቦር እንደምታውቃት ናት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ጉሙ ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ ደጁን ሞልቶታል፣ እኔም ጥልፌን አስቀምጬ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኛል፤ ይበለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስለፈልፍብህ ኖሬ አሁን ዝም በይ ብባል አልችልበትም።

ደብዳቤውን የምጽፍልህ የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ይኼስ ኃጢአት አይደለም ብለው ሸኙኝ፤ እኔ ግን አልቀለለኝም። ስለዚህ ለባለቤቱ ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ያቺ ከውጭው በር እስከ ቤቱ መግቢያ በስተግራ ያለችው መሬትህ፣ አንተ እርሻዬ የምትላት፣ እኔ ጭቃው የምላት፣ ለአርባህ ተብሎ ሲሚንቶ ፈሰሰባት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። አንተ ገሳይ ገጠር ከገበሬ ቤት ተወልደህ ደብረ ታቦር መጥተህ መዝገብ ቤት የተቀመጥክ ሰው ነበርክ። እኔ የከተማ ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ጫማዬ ላይ ጭቃ ካየሁ የሚያመኝ። ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ኮትህን በሩ ላይ ሰቅለህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ መሬትህ ነበር። የኔ ሰላምታ ከድንቹ ቀጥሎ ነው። ከዚያ በዚያው እግርህ ወደ ቤት ስትገባ እኔ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ። የስንቱን ጎረቤት ጆሮ እንዳደነቆርኩ አንተ ታውቃለህ። ባላገር ከነአፈሩ መጣ እልህ ነበር፤ አንተም ትስቅና እግርህን ለመታጠብ ትመለሳለህ።

ዘሩንስ ብትል? አልጋችን ሥር ሣር አንጥፈህ ትደረድረው ነበር። ሚያዝያ ላይ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ተንበርክከህ በባትሪ እያበራህ ቡቃያውን ትመለከታለህ። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ከኔና ከድንቹ ማንን ነው ያገባኸው ስልህ፣ አንቺን አግብቼ ነው ትዕግሥት የተማርኩት፣ ድንቹንም በሱ ነው የምይዘው ትለኛለህ። እስቃለሁ፤ እቆጣለሁ፤ መልሼ እስቃለሁ። ጎመኑን ቀጥፌ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ነቅዬ ድስት ላይ ስጥል ግን አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩህም። ካለው ላይ መውሰድ ቀላል ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ይኼ ነው የሚቆጨኝ።

ልጃችን ስመኝ፣ አንድያችን፣ አንተ ስትሄድ አረብ አገር ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ ዘንድሮ እመጣለሁ እንዳለች፣ አንተም ዘንድሮ ትመጣለች እንዳልክ ቀረህ። አሠሪዎቿ ቶሎ አልለቀቋትም፤ ከቀብርህ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰች። በሩ ላይ ስትታይ እኛ ዘንድ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እሪታዋን ጠበቀ። ስመኝ አላለቀሰችም። ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ ሽማግሌዎቹን እየዞረች ሳመች፣ አንተ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዷ ሴት፣ አረብ አገር አንጀቷን አደረቀው፣ ስትል ሰምቻታለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን አላሳጣትም ነበር። ያን ቀን ግን እኔም ልጄን ፈራኋት። አባቷ ሞቶባት የማታለቅስ ልጅ እንዴት አድርጌ እንደማጽናና አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ሐምሌ ነው፣ አርባህ ሊደርስ ነው፣ ዝናቡ ደጁን አቡክቶታል። የአባቴ ተዝካር በጭቃ አይሆንም አለች። ድንኳን የሚተከልበት፣ ካህናቱ የሚቀመጡበት፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ደረቅ ቦታ ያስፈልጋል አለች። አረብ አገር ደክማ ያመጣችውን አውጥታ ደጁ ሁሉ ሊሾ እንዲሆን ሠራተኛ አመጣች። ድንችህ ያን ጊዜ ገና አበባ ማውጣት ጀምሯል። የሠራተኞቹ አለቃ እሱ ፊት ቆመና ይኼን ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ። ስመኝ ወደኔ ዞረች፤ እሷ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታልና የምታውቂው አንቺ ነሽ ማለቷ ነው። እኔ፣ ታኬ፣ ንቀሉት አልኩ።

የምናዘዘው ይኼን ነው። ልጅቷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ሊሾ ነበር። ከል ለብሼ፣ ዐይኔ በልቅሶ አብጦ፣ ከልቤ አንዱ ጥግ ግን በመጨረሻ ከጭቃው ተገላገልኩ ይል ነበር። የተነቀለው ድንች ከብይ አይበልጥም፤ ለማብሰል እንኳ የማይሆን። በአካፋ ጠርገው ጣሉት፤ እኔም ፊቴን አዙሬ ወደ ቤት ገባሁ።

ተዝካርህ አማረ። ደጁ በሸራ ተሸፍኖ ደርቆ ደረሰ፣ የአንድም ሰው ጫማ ጭቃ አልነካውም። ሰው ሁሉ ስመኝን መረቃት፤ ለአባቷ ምን ያላደረገችው አለ አሏት። እኔም አንድ ቀን ኮራሁ። በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ዝናብ የነካው መሬት ሽታ አልነበረም። ሲሚንቶው ላይ ውኃ ይንሸራተታል፣ በበሩ ሥር አልፎ የእትዬ ዘነቡን ደጅ ያጥለቀልቃል። እትዬ ዘነቡን ታስታውሳለህ፤ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ምላሷ ከኔ የማይተናነስ። አሁን ወንዝ አዋሰናችሁኝ አለች። ስመኝ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሊሾውን በሳሙና ታጥበው ጀመር። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ማንም እንዲያግዛት ሳትፈቅድ።

ከዚያ የገበያው ውድነት መጣ። ዋጋው ስንት እንደሆነ አልነግርህም፤ ብነግርህ አታምነኝም፣ ደግሞም ይኼን ጽፌ እስክጨርስ ይለወጣል። ድሮ ሽንኩርት በኪሎ ትገዛ የነበረች ሴት ዛሬ ሦስት ፍሬ ስጪኝ ትላለች፤ ሻጯም አታፍርባትም፣ እሷም ቤቷ እንደዚያው ናትና። ጎመን እንኳ፣ ጎመን! በእቅፍ የምንሰጣጠው የነበረው፣ አሁን በክር ታስሮ በጭብጥ ነው። እኔ ለካ በትዳሬ ዘመን ሁሉ ድንችና ጎመን ገዝቼ አላውቅም። መጀመሪያ ቀን ዋጋውን ስሰማ ሻጯን ተሳደብኩ። ሁለተኛ ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት።

ስመኝ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ለተማሪዎች ድንች እየጠበሰች ትሸጣለች። ችብስ ነው የሚሉት። አስበው እስቲ፤ የታከለ ልጅ፣ በድንች አገር፣ በጠዋት ተነሥታ ከነጋዴ ድንች ትገዛለች። ድንቹ ሲወደድ የምትሸጥበትን የወረቀት ጥቅል ታጠብበዋለች፤ ተማሪዎቹ አነሰ ብለው ያጉረመርማሉ፣ እሷም ከራሷ ምሳ ላይ ትጨምርላቸዋለች። ወገቧ ደግሞ ያማታል። እዚያ አገር አንዲት የማትነሣ አሮጊት ስታነሣና ስታስተኛ ነው የተጎዳችው። ማታ ስትመጣ ደጁን አቋርጣ ስትገባ አያታለሁ፤ ከእግሯ በታች ስንት ከረጢት ድንች ሊወጣበት የሚችል መሬት እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ሳታውቅ አትቀርም።

በዚህ መሐል እኔ ገበሬ ለመሆን ተነሣሁ። አትሳቅ። የማዳበሪያ ከረጢት፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የመኪና ጎማ ሰብስቤ ሊሾው ላይ ደረደርኩ። አፈሩን መንገድ ሲሠሩ ከቆረጡት ዳገት አስመጣሁ፤ ቀይ፣ የሚያምር። አፈር ሁሉ አፈር መስሎኝ ነው። ድንቹን ደግሞ ከገበያ ገዝቼ፣ ሳይበቅል፣ አጥቤ ተከልኩት። አዎ፣ አጥቤ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስቆፍረው ከነሽታው እጄ ላይ ፈረሰ። እትዬ ዘነቡ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ ሙሉ፣ በርበሬ ብትጨምሪበት ወጥ ይወጣው ነበር፣ አለችኝ። ጎመኑ ግን በቀለ። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሰፍቶ ሳየው ቀሚስ ላይ ልጠልፈው ምንም አልቀረኝም። ኅዳር ውርጩ ሲመጣ ማታ ማታ አሮጌ ጋቢህን አለብሰው ነበር። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ለማድረስ ስጣደፍ ረሳሁት፤ ጠዋት ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ ተኝቶ አገኘሁት። ጋቢህን ታቅፌ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለጎመን አይደለም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሰ። ሁሉም ሰው አትክልት ፈላጊ ሆነ፤ ሽሮውን ያለ ሽንኩርት ሠርተን በላን። ያኔ ነው ሊሾውን ማስፈረስ አለብኝ ብዬ የወሰንኩት። ግን እንዴት ብዬ ልናገር? አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቅዳሜ ተንበርክካ ስታጥበው ይታየኛል። ለአባቷ ያደረገችው ነገር ነው። ቀብርህ ላይ ያልደረሰች ልጅ፣ በዓለም ላይ ላንተ አደረግሁ የምትለው ይኼ ብቻ ነው። እንዴት ብዬ በመዶሻ ልምታው? ስለዚህ ዝም አልኩ። እኔ፣ ሙሉ፣ ዝም አልኩ። ብታየኝ ሐኪም ትጠራልኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ወንድምህ ደሳለኝ ሙት ዓመትህን ለመመካከር ከገሳይ መጣ። በአህያ አስጭኖ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ አንድ ከረጢት ዘር ድንች ይዞ። ከላዩ ገለጥ ሲያደርገው ቡቃያው አውራ ጣት ያክላል። በሩን አልፎ ሊሾውን ሲያይ ቆመ። መቼም ጨዋ ነው፤ ክፉ አልተናገረም። እትዬ ሙሉ፣ ያንን መሬት ነው እንዴ እንዲህ ያደረጋችሁት፣ አለኝ ብቻ። ሲሄድ፣ ይኼ ዘር አይጠብቅዎትም፣ ዝናቡ ሲጥል አፈር ካላገኘ ይበላሻል፣ ከልብዎ ይምከሩበት፣ አለኝ። ከረጢቱን ጎትቼ አልጋው ሥር አስገባሁት። አልጋው ላይ ስተኛ ሽታው ሽታህ ነበር።

በዚያው ሳምንት የስመኝ ወገብ ጠናባትና ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰባት ቀን ልትጠመቅ ሄደች። እሷ በሄደች በሦስተኛው ቀን ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠራሁ። መዶሻና ድጅኖ ይዘው መጡ። ቆዩ አልኳቸውና መዶሻውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን እኔ መታሁ። ሲሚንቶው አልተጫረም፤ ክንዴ ግን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ እነሱ ቀጠሉ። ያቺን ያንተን መሬት ብቻ ነው ያስፈረስኩት፤ ሌላውን አልነካሁም። አፈሩ ተጠፍጥፎ፣ ገርጥቶ፣ ሽታ የለሽ ሆኖ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ሠራተኛው ጠራኝ። ሲነቀል የተረፈ ድንች ከሥር በቅሎ ኖሯል። ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ በሲሚንቶው ሆድ ሥር ወደ ጎን ሄዶ ሄዶ፣ እንደ ጥልፍ ክሬ ነጥቶ ቀጥኖ፣ መውጫ ሲያጣ ደርቋል። ክንድ ያህል ነበር ርዝመቱ። ታኬ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁህ። ሠራተኞቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩልኝ።

ስመኝ በሰባተኛው ቀን መጣች። ወገቧ ሻል ብሏት፣ ፊቷ ጠርቶ፣ ለእግሬ መዘፍዘፊያ ብላ አንድ ጀሪካን ፍል ውኃ ተሸክማ። በሩን ከፈተችና ቆመች። ጀሪካኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የተቆፈረውን አየች፣ ዳር ላይ የተከመረውን የሲሚንቶ ስባሪ አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እንጀራ አቀርባለሁ፣ በልቻለሁ ትላለች። ቅዳሜ መጣና የቀረውን ሊሾ አላጠበችውም።

በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ድንቹን ንቀሉት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሊሾውን ከጥንትም እመኘው እንደነበር፣ እሷ ጥፋት እንደሌለባት፣ ያንን ነጭ ቡቃያ እንዴት እንዳገኘሁት። ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። መርዶህን የሰማችው ልብስ እየተኮሰች ነው። ጮኸች። የቤቱ እመቤት መጥታ ልጆቹ ተኝተዋልና ዝም በይ አለቻት። እማ፣ ዝም አልኩ፣ አለችኝ። ልብሱን ተኩሼ ጨረስኩ፣ አጥፌ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ ልቅሶው እምቢ አለኝ። ለአባቴ ያደረግሁት ይኼንን ሊሾ ብቻ ነው፣ እሱንም አንቺ አፈረስሽብኝ፣ አለችኝ።

ምን ልበላት? ከፈለግሽ መልሼ አስለስነዋለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር ታኬ። ድንቹ ይበስብስ፣ ገበያው ይብላን፣ ልጄ ብቻ አትጎዳብኝ አልኩ። ተነሥታ የማግሥቱን ድንች ልትልጥ ገባች። ዘሩም አልጋው ሥር ቡቃያው እየረዘመ፣ ዝናቡም በየቀኑ እየጣለ፣ ሙት ዓመትህ ደረሰ። ድግስ አልደገስንም፤ ፍትሐት አስፈትተን፣ ለካህናቱና ለጥቂት ጎረቤት የምንችለውን አቅርበን ጸሎት ተደረገ። አላማረም አትበለኝ፤ ዘንድሮ ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው።

በማግሥቱ ስመኝ ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወዳለህበት ሄደች። ምን እንዳለችህ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አልጠየቅኋትም። ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። እኔ ደግሞ መጥረጊያ ፍለጋ እጄ መሄዱ! መልሼ ሰበሰብኩት። ቀጥ ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች፣ ከረጢቱን ጎትታ አወጣችና እንዴት ነው የሚተከለው አለችኝ። ሁለታችንም በደንብ አናውቅም። ደሳለኝ ጋ ደወልን፤ በስልክ ሲያወራ አንተን ነው የሚመስለው፣ ገሳይ ሆኖ ያለ ስልክም ይሰማል። ቡቃያው ወደ ሰማይ ይሁን! አንድ ጫማ አራርቁት! እንዳታጥቡት! አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም። እኔ መስመሩ እንዳይጣመም የጥልፍ ክሬን ከዳር እስከ ዳር ወጠርኩ፤ እሷ እየቆፈረች፣ እኔ እያስቀመጥኩ ዝናብ ሳይመጣብን ጨረስን። ጥግ ላይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ጨመርን። በቀለ፣ ታኬ። ሁሉም በቀለ።

አሁን ያለፈውን ሳምንት ልንገርህና ላብቃ። ደሳለኝ ደውሎ፣ ድንቹ ጉልበት ከደረሰ አፈር አስታቅፉት፣ ግንዱ ሥር ከምሩለት፣ አለን። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ካፊያ ነበር። እኔ መኮትኮቻውን አንሥቼ ልገባ ስል ስመኝ ከእጄ ወሰደችው። ጥቂት ሞከረችና ጥላው ተንበረከከች። በእጇ አፈሩን እየሳበች፣ እያንዳንዱን ግንድ በሁለት መዳፏ እያቀፈች፣ አንድ ረድፍ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ጀመረች። ላግዛት ስጠጋ ቀና ሳትል፣ እማ፣ ያን ቀን አልደረስኩም፣ ይኼን ለኔ ተዪልኝ፣ አለችኝ። ጃንጥላዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው ረድፍ መሐል ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ አባዬ ብላ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከልጄ ወጥቶ አያውቅም። አባዬ፣ አባዬ፣ እያለች፣ ደረቷን በጭቃ እጇ እየመታች፣ ዓመት ሙሉ እምቢ ያላት ልቅሶ ሁሉ ወረደ።

እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ሌሎቹም፣ መንገድ ላይ የነበረውም፣ ሰው የሞተ መስሏቸው ግቢው ሞላ። ማን ሞተ፣ ሙሉ፣ ማን ሞተ አሉኝ። እኔም ሌላ መልስ አልነበረኝምና ታከለ አልኳቸው። አንድም ሰው አልሳቀም፣ ዓመቱ አልፏል ያለም የለም። ልጅቷን አዩዋት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ዳር ላይ በተከመረው የሲሚንቶ ስባሪ ላይ አንድ በአንድ ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። ያቺ አንጀቷ ደረቀ ያለችዋ ሴት እንኳ ስመኝን አቅፋ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ወንዶቹ አጥሩ ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ዘነቡ ወደ ቤቷ ሄዳ ንፍሮ ቀቅላ መጣች፤ በዚህ ኑሮ፣ ለልጆቿ ያስቀመጠችውን ባቄላ ነው የቀቀለችው። ልጅህ በሰው መሐል ተቀምጣ ቀበረችህ፣ ታኬ። ደጁ ጭቃ ነበር፤ ማንም ጫማውን አላየም።

ከሦስተኛው የቀረውንና አራተኛውን ረድፍ በማግሥቱ ጨረሰችው። እኔም ቃሌን ልስጥህ። ሳለህ ያላልኩህን ምስጋና በቀሪ ዕድሜዬ ሁሉ እልሃለሁ፤ ድስት ባወረድኩ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፣ እንዳትረሳኝ እንጂ እኔስ አልረሳህም። ስለ ስመኝም እንዳታስብ። ዛሬ ጠዋት ስላንተ ስታወራኝ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች።

ያንተው ሙሉ